የአበበ ቢቂላ እግሮች፦ ጡንቻ፣ ጅማትና ትዕዛዝ



በዚህ እትም የምናነሳው የሀገራችንን ልጅ ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው። ስለ ድሉ ብዙ ተብሏል። እኛ የምናየው ግን እነዚያ እግሮች እንዴት እንደሮጡ፣ ኋላም ለምን እንደቆሙ ነው። ታሪኩ ለጤና ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ቆሞ ለሚሄድ ሁሉ ትምህርት አለው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱን ከብት ሲጠብቅ አሳለፈ። ወጣት ሲሆን አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ እዚያም በአሰልጣኙ በኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ።

ደጋ ላይ እረኛ ሆኖ ማደግ ምን እንደሆነ የእኛ አካባቢ ልጆች ያውቁታል። ከሐይቅ በኩል ተነስቶ የአምባሰልን ተራራ የወጣ ሰው በአቀበቱ ባቱ ይቃጠላል፣ በቁልቁለቱ ጭኑ ይንቀጠቀጣል። በማግስቱ አብዝቶ የሚያመው ግን የቁልቁለቱ ነው። አቀበት ስንወጣ ጡንቻ እያጠረ ይስባል። ቁልቁለት ስንወርድ ደግሞ የጭናችን ጡንቻ ሰውነታችን እንዳይወድቅ እየሳበ፣ በዚያው ጊዜ በግድ ይለጠጣል። ክሮቹን ይበልጥ የሚጎዳቸው ይህ ነው።

ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ጥንድ ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ ክንዳችንን ሲያጥፍ ሌላው ይላላል፣ ስንዘረጋው ተራው ይገለበጣል። ሥራው የሚጀምረው ግን ከጡንቻው አይደለም። አንጎል ያዛል፤ ትዕዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ በነርቭ በኩል ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። ያኔ በጡንቻው ሴሎች ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፣ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉት ክሮች እየተሳሳቡ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፣ ጡንቻውም ያጥራል። ጉልበቱን ወደ አጥንት የሚያደርሰው ጅማት ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ እንቅስቃሴ የለም።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም ሮም ላይ አበበ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጠ። እስከ መጨረሻው አብሮት የዘለቀው ሞሮኳዊው ራዲ ቢን ዓብዱሰላም ነበር። ጣሊያን ከሀገራችን ወስዳ ያቆመችው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም አሸነፈ። በእያንዳንዷ እርምጃ የባቱን ጡንቻዎች ከተረከዙ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ይሠራ ነበር። እግር መሬት ሲነካ ይህ ጅማት እንደ ሞላ ይለጠጣል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፤ እግር ሲነሳ መልሶ ይሰጣል። ጡንቻው ሁሉንም ጉልበት አዲስ ማምረት አይጠበቅበትም። ሯጭ ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይወድቅ ከሚዘልቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ቁጠባ ነው።

ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ውድድሩ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። የሆድ ጡንቻዎች የሯጩን አካል ቀጥ አድርገው የሚይዙ ናቸው፤ ብዙዎች አይችልም ብለው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፎ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከገባ በኋላም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።

በ1961 ዓ.ም ጥቅምት ሜክሲኮ ላይ የእግር ጉዳት አስቸግሮት ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች። አንገቱ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዓለም ሻምፒዮን ያደረጉት የባት ጡንቻዎች በቦታቸው ነበሩ። ጅማቱ አልተበጠሰም። የጎደለው ትዕዛዙ ብቻ ነው፤ ከአንጎል የተነሳው መልእክት እግሩ ዘንድ አልደረሰም። ትዕዛዝ የማይደርሰው ጡንቻ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል።

እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ወራትን አሳለፈ። መጀመሪያ እጆቹም አይታዘዙለትም ነበር። እነርሱ ሲመለሱ እግሮቹ አልተመለሱም። አበበም በቀረለት ጀመረ። በ1962 ዓ.ም በስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ፤ ዕድሜው 41 ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየመገጣጠሚያችን በየዕለቱ ሰደቃ እንዳለብን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ተምረናል። ከሱጁድ ቀና ስንል ስንት ጡንቻ እንደሚስብ፣ ስንት ጅማት እንደሚሸከም፣ ትዕዛዙ ሳይቋረጥ እንደሚደርስ አናስበውም። ይህ ኒዕማ ነው፤ ሹክሩም በምላስ ብቻ አያልቅም። በመካከላችን በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ። ለእነርሱ ትልቁ አቀበት የአምባሰል ተራራ ሳይሆን መወጣጫ የሌለው የመማሪያ ክፍል ደረጃ ነው። በዚህ ሳምንት አንዱን ወንበር የገፋ፣ መወጣጫ እንዲሠራም አብሮ የጠየቀ፣ የመገጣጠሚያውን ሰደቃ ሰጥቷል ኢንሻአላህ።