ለሐበሻ ጥድ ሳይንሳዊ ስም መነሻ የሆነው ዊልሄልም ሺምፐር

ከወልቂጤ ወደ ጉራጌ መንደሮች ለሚዘልቅም ሆነ ከቡታጅራ በስተምዕራብ ወዳሉት ተራሮች ለሚወጣ ሰው ጥድና ዝግባ እንግዳ ዛፎች አይደሉም። አበባ ሳያብቡ፣ ኮን ከሚባል የቅርፊት ክምችት ዘር ከሚያፈሩት ዛፎች መካከል ኢትዮጵያ በተፈጥሮ ያሏት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ጥድን ከዓለም ሳይንስ ጋር ያስተዋወቀው ዕድሜውን በኢትዮጵያ የጨረሰ ጀርመናዊ ነበር።

ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 በባቫሪያ፣ ኑረምበርግ አቅራቢያ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1837 በምፅዋ በኩል ትግራይ ሲገባ ወጪውን የሸፈነው በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ የዕፅዋት ማኅበር ሲሆን፣ አባላቱ ላዋጡት ገንዘብ የደረቁ ዕፅዋት ይላኩላቸው ነበር። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም የእንትጮ ሹም አደረጉት። ኢትዮጵያዊት አግብቶም ኑሮውን በዚያው መሠረተ።

ከላካቸው ናሙናዎች አንዱ ጥድ ነበር። የማኅበሩ መሪ ሆክስቴተር ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ፣ ማለትም ረጅሙ ጥድ ብሎ ሰየመው፤ ኤንድሊከር የተባለው የቪየና ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1847 ስሙን በመጽሐፍ አሳተመው። ምደባው ለተራ ዓይን ግራ ያጋባል። የጥድ ሰማያዊት ፍሬ በእርግጥ ፍሬ ሳትሆን ቅርፊቶቿ ለስልሰው የተጣበቁባት ኮን ናት። ከውጭ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ግን ኮኑ እንደ እንጨት የጠጠረ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ አንድ ቢሆንም ወገኑ ሌላ ነው። ዝግባ ደግሞ ነጠላ ዘሩን በሥጋማ ልባስ ስለሚሸፍን ከነጭራሹ በሌላ ቤተሰብ ተመደበ፤ የወገን ስሙም ከፖዶካርፐስ ወደ አፍሮካርፐስ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሰብሳቢው እንትጮ ተቀምጦ፣ ስም ሰጪዎቹ ዛፉን ቆሞ ሳያዩት በደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ መፍረዳቸው የዚያ ዘመን አሠራር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ውቤን ድል ሲያደርጉ ሺምፐር ሹመቱን አጣ። ኋላም በመቅደላ ከታገዱት አውሮፓውያን አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1868 ተፈታ። ከአርባ ዓመት በላይ ከኖረበት አገር ሳይለይ እ.ኤ.አ. በ1878 በዓድዋ አረፈ።

በርሊን ከነበሩት ናሙናዎቹ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1943 በአየር ድብደባ ተቃጠሉ። ማኅበሩ ቅጂዎቹን ለብዙ ከተሞች አከፋፍሎ ስለነበር ግን የተረፉት ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ሺምፐሪ የሚል ቅጥያ ያላቸው ዕፅዋትም በስሙ ይጠራሉ።