ድልድይ ሠሪው በያጅ፤ የኤቭጌኒ ፓቶን የሕይወት ታሪክ

ይህ መጽሔት የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ ስለ ሆነ፥ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ደራስያን ሲጽፉ እኛ የእጅ ሥራ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ በያጅ ለመጻፍ ቈረጥን። በያጅ ሲባል በመንገድ ዳር የብረት በር የሚሠራው ሰው ብቻ ትዝ የሚላችሁ አንባቢዎች ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኤቭጌኒ ፓቶን በ1870 በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ ተወለደ፤ አባቱም በዚያ የሩሲያ ቆንስል ነበር። የምህንድስና ትምህርቱን በጀርመን አገር በድሬስደን በ1894 ፈጸመ። ነገር ግን በሩሲያ ድልድይ ለመሥራት የሩሲያ ዲፕሎማ ያስፈልገው ስለ ነበር፥ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ እንደ ገና ከተማሪዎች ጋር ተቀመጠና በ1896 ሁለተኛውን ዲፕሎማ ተቀበለ። ከ1904 ጀምሮ በኪዬቭ ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲያስተምር፥ በዚያውም ብዙ ድልድዮችን ነደፈ። በ1920 በጦርነት የፈረሰውንም የኪዬቭን የሰንሰለት ድልድይ በአሮጌዎቹ ምሰሶዎች ላይ እንደ ገና አቆመው፤ ይኸውም በ1925 ለሕዝብ ተከፈተ።

በዚያን ዘመን የብረት ድልድይ የሚያያዘው በሪቬት ነበር። ሁለቱን ብረት አነባብሮ መብሳት፥ በቀዳዳው ውስጥ በእሳት የጋለ የብረት ችንካር መክተት፥ ጫፉንም በመዶሻ ቀጥቅጦ ማስፋት ነው። እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። የተነባበረውም ብረት ክብደት ይጨምራል፤ ቀዳዳውም ብረቱን ያደክመዋል። በኤሌክትሪክ መበየድ ግን ከታወቀ ቈይቶ ነበር። ቤናርዶስ የተባለው ሰው በ1881 ገደማ በከሰል ኤሌክትሮድ፥ ስላቭያኖቭም በ1888 በብረት ኤሌክትሮድ ብረትን ከብረት አጣብቀው አሳይተው ነበር። ሆኖም ብዙ መሐንዲሶች ድልድይን የሚያህል ነገር በብየዳ ላይ ለመጣል ይፈሩ ነበር።

ፓቶን በ1929 የኡክራይን የሳይንስ አካዳሚ አባል ሲሆን ዕድሜው ኀምሳ ዘጠኝ ነበር። ስሙ የታወቀ፥ መጻሕፍቱ የተነበቡ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜ ክብሩን ይዞ ማረፍ ሲችል፥ በዚያው ዓመት አንዲት ትንሽ የብየዳ ላቦራቶሪ አቋቁሞ ከሀሁ ጀመረ። እኛን ከሁሉ የሚያስደንቀን ይህ ነው። ላቦራቶሪዋም በ1934 የኤሌክትሪክ ብየዳ ኢንስቲትዩት ሆነች።

ፓቶን የታገለው ከሰው እጅ ጋር ነበር ማለት እንችላለን። እኛ በወርክሾፓችን እንዳየነው፥ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወይም ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ሲርቅ የብየዳው መስመር ይበላሻል፤ ከላይ ሲያዩት ያማረ ሆኖ ውስጡ እንደ እንጀራ ዐይን የተቦረቦረ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሠራነው አግዳሚ ወንበር ስድስት ልጆች ሲቀመጡበት ከመጋጠሚያው ተገነጠለ። በእኛ ላይ የደረሰው ሳቅ ብቻ ነው። በ1938 ግን በቤልጅግ አገር በሐሰልት ከተማ አጠገብ፥ በአልበርት ቦይ ላይ የተሠራ ባለ ብየዳ ድልድይ በብርድ ቀን ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ይህን የሰማ ሁሉ ብየዳን ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ስለዚህ ፓቶንና ረዳቶቹ ብየዳውን ለማሽን ለመስጠት ደከሙ፤ በ1940ም የሚሠራበት መሣሪያ አገኙ። ሽቦው ከጥቅልሉ በሞተር እየተገፋ ይመጣል፤ መጋጠሚያው እንደ አሸዋ በደቀቀ ፍለክስ ይሸፈናል። እሳቱም ከፍለክሱ ሥር ተደብቆ ስለሚነድ ዐይን አያየውም፤ አየርም የቀለጠውን ብረት አይደርስበትም። ሲበርድ የቀለጠው ፍለክስ እንደ ጠርሙስ ቅርፊት ይነሣል፤ ያልቀለጠው ተሰብስቦ እንደ ገና ይሠራበታል። እውነቱን ለመናገር አሜሪካኖች ይህን የመሰለውን ዘዴ በ1930ዎቹ አጋማሽ አግኝተውት ነበር፤ ነገር ግን የኪዬቭ ሰዎች የራሳቸውን ፍለክስና የራሳቸውን ማሽን ሠርተዋል።

በ1941 ጦርነት መጣ። ኢንስቲትዩቱ ወደ ኡራል ተራራዎች አጠገብ ወደ ኒዥኒ ታጊል ሲዛወር፥ ሽማግሌው ፓቶን የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። በኪዬቭ የሠራውም ድልድይ ወታደሮች ሲያፈገፍጉ በፈንጂ ፈረሰ። በታጊል ታንክ መበየድ ተጀመረ። የታንኩ ብረት ጠንካራ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ብየዳው ይሰነጠቅ ነበር፤ በመጋጠሚያው ውስጥ ለስላሳ የብረት ሽቦ ቢያጋድሙ መሰንጠቁ ተወገደ። ፍለክስ ሲያልቅባቸውም ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚጣለውን አተላ ፈትነው አዋሉት፤ የተጣለ ነገር ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። የሠለጠኑት በያጆች ወደ ጦር ግንባር ሄደው ስለ ነበር፥ በማሽኖቹ ላይ የቆሙት እንደ እኛ ያሉ ልጆችና ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን፥ ማሽኑ የበያጁን እንጀራ ነጥቋል አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ከጭስና ከዐይን ሕመም አድኖታል አልን። እስካሁን አልተስማማንም። ዛሬ ነገሩ ከዚያም ርቋል። ኮምፒዩተር የሚመራው የሮቦት ክንድ ሽቦውን እያቀለጠ፥ በብየዳ ላይ ብየዳ እየደረበ አንድን ዕቃ ከባዶ ያበቅለዋል። ብረት ተፈልፍሎ የሚጣለው በጣም ጥቂት ነው። በ2021 በአምስተርዳም ከተማ በአንድ ቦይ ላይ ዐሥራ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን የእግረኛ ድልድይ በዚህ መንገድ ተሠርቶ ተከፍቶ ነበር፤ በውስጡም የሚደርስበትን ጫናና ንቅናቄ ለኮምፒዩተር የሚነግሩ መሣሪያዎች ተተክለውበት ነበር። ፓቶን ከላይ ብቻ አይቶ ያላመነውን የብየዳ መስመር አሁን ሌት ተቀን የሚጠብቀው ዘበኛ አገኘ። ሽቦው ግን ከጥቅልሉ እየተገፋ የሚመጣ መሆኑ ያው እንደ ጥንቱ ነው።

ፓቶን በ1944 ወደ ኪዬቭ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ሙያዎቹን አንድ ለማድረግ ተነሣ፤ ይኸውም በድኒፐር ወንዝ ላይ ያለ አንድ ሪቬት፥ በሙሉ በብየዳ የተያያዘ ድልድይ መሥራት ነበር። የሐሰልት ነገር እንዳይደገም በብርድ የማይሰበር ልዩ ብረት ተመረጠ፤ ማሽኖቹም ብዙውን መስመር ራሳቸው በየዱ። ርዝመቱ 1543 ሜትር ሆነ። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላው ፓቶን ሥራውን እስከ ፍጻሜው ድረስ ተከታተለ። ነገር ግን በነሐሴ 12 ቀን 1953 ዐረፈ።

ድልድዩ የተከፈተው ኅዳር 5 ቀን በዚያው ዓመት ነው። ልጁ ቦሪስ ፓቶን ኢንስቲትዩቱን ተረክቦ፥ በ2020 የመቶ አንድ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ እስኪሞት ድረስ መራው። በ1969 ሰዎች በጠፈር መርከብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት የበየዱት እዚያ በተሠራ መሣሪያ ነበር። ድልድዩም በአባትየው ስም ተጠርቶ፥ ሲሠራ ከታሰበለት እጅግ የበዛ መኪና እየተላለፈበት እስከ ዛሬ በድኒፐር ላይ ቆሟል።