ስታይንሜትዝ እና የአርክ መብራቱ እንቆቅልሽ

«ጎፋ መብራት ኃይል» ሲባል ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ ትዝ የሚለው ሰፈሩ እንጂ ኤሌክትሪኩ አይደለም። እዚያው ሰፈር ባለ አንድ ፎቅ ውስጥ በርካታ ኮምፒውተሮች አብረው ሲሠሩ ግን የኒውትራል ሽቦው ከተገመተው በላይ ሊሞቅ ይችላል። ከዚህ ችግር ጋር ቀድሞ የተገናኘው ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ አንድ ስደተኛ ነበር።

ቻርለስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ያኔ ብሬስላው፣ ዛሬ ቭሮትስዋፍ በምትባለው ከተማ ተወለደ። ጉብጠቱ ከአያቱና ከአባቱ የወረደ ነው። የዶክትሬት ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በሶሻሊስትነቱ ፖሊስ ስለፈለገው በ1888 ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ። በዓመቱ አሜሪካ ሲደርስ የኢሚግሬሽን ሹማምንት አካሉንና ባዶ ኪሱን አይተው ሊመልሱት ነበር፤ አብሮት የተጓዘው ጓደኛው ተከራክሮ አስገባው።

ኒውዮርክ አጠገብ በዮንከርስ በነበረው የአይከማየር ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1892 በትራንስፎርመርና በሞተር ብረት ውስጥ የሚባክነውን ኃይል የሚያሰላ ቀመር አወጣ። ስሙን ያስጠራው ይህ ቢሆንም፣ ለእኛ ዘመን የሚቀርበው በዚያው ዓመት ስለ አርክ መብራት ያሳተመው ጽሑፍ ይመስለኛል። ሞተር ጅረቱን ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ስለሚያስቀር ፓወር ፋክተሩ ይወርዳል። በአርኩ ግን ጅረቱ ሳይዘገይ፣ ዋቱ ከቮልትና ከአምፔር ብዜት አንሶ ተገኘ። ጉዳዩ የሞገዱ ቅርጽ መዛባት ነበር።

የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይም ማረሚያ ካልተገጠመለት ጅረት የሚስበው ቮልቴጁ ጫፍ ሲደርስ ብቻ፣ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ነው። ፓወር ፋክተሩ 0.6 ከሆነ፣ 300 ዋት የሚጠቀም መሣሪያ መስመሩን 500 ቮልት አምፔር ያሸክመዋል። ሞተር በካፓሲተር ይታረማል፤ እዚህ ግን ከውጭ ካፓሲተር መደርደር አይፈውስም፣ አንዳንዴም ያብሳል። መድኃኒቱ ጅረቱ የቮልቴጁን ቅርጽ እንዲከተል የሚያስገድድ፣ እዚያው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የሚገባ ሰርኪዩት ነው፤ ፓወር ፋክተሩን ከ0.95 በላይ ያደርሰዋል። አውሮፓ ከ75 ዋት በላይ በሚወስዱ ኮምፒውተሮች ላይ የሞገድ መዛባት ገደብ የጣለችው በ2001 ነው።

ስታይንሜትዝ በ1893 የተለዋዋጭ ጅረትን ስሌት በኮምፕሌክስ ቁጥር አቀለለው። ቀሪ ዘመኑን በጄኔራል ኤሌክትሪክ አሳለፈ፤ በስኬነክተዲ ዩኒየን ኮሌጅም አስተማረ። ጉብጠቱን ለልጅ እንዳያወርስ ሰግቶ አላገባም። የላቦራቶሪ ረዳቱን ከነሚስቱ ቤቱ አስገብቶ በሕግ ልጁ አደረገው፤ የእነርሱ ሦስት ልጆች አያታችን እያሉት አደጉ። ኦክቶበር 26 ቀን 1923 በ58 ዓመቱ ያረፈውም በዚያው ቤት ነው።