አክሊሉ ሀብተወልድ

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ (1904 - ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከ30 ዓመት በላይ በከፍተኛ ሥልጣን ላይ የቆዩ ኢትዮጵያዊ ዲፕሎማትና የመንግሥት ሰው ነበሩ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት፣ ቀጥሎም ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገልግለዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ማዕረግ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ ጽፎ በማኅተም የሚያወጣው እሱ ስለነበር ከማናቸውም ሚኒስትር ይልቅ ለቤተ መንግሥት የቀረበ ሥራ ነበር።

ትምህርትና ስደት

አባታቸው አለቃ ሀብተወልድ ሀብተነህ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ወንድሞቻቸው መኮንን ሀብተወልድና አካለወርቅ ሀብተወልድም ሚኒስትሮች ሆነዋል፤ ከአንድ የካህን ቤት ሦስት ሚኒስትሮች መውጣታቸው በመሳፍንት በተሞላው ቤተ መንግሥት ያልተለመደ ነገር ነበር። አክሊሉ በእስክንድርያ በፈረንሳይ ሊሴ ተምረው በፓሪስ ሕግ አጠኑ። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ይሠሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ በስደት ሲቆዩ እሳቸው በፈረንሳይ ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር፤ ጀርመን ፓሪስን ከያዘች በኋላ ግን ከአገሩ ወጥተው በፖርቱጋል በኩል ግብጽ ገቡ። ባለቤታቸው ኮሌት ቫላድ ፈረንሳዊት ነበሩ።

የውጭ ጉዳይ ሥራ

ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። የዚያን ጊዜ ጭንቅ ጣልያን ሳይሆን እንግሊዝ ነበረች፤ ጦሯ አገሪቱን ነጻ ለማውጣት ከረዳ በኋላ ኦጋዴንንና ኤርትራን እንደያዘ ቀርቶ ነበር። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል የእንግሊዞችን የበላይነት ቀነሰ፤ የሐውድ መሬት የተመለሰው ግን ከ10 ዓመት ክርክር በኋላ በኅዳር 1947 ዓ.ም. በለንደን በተደረገ ስምምነት ነው። በሰኔ 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ከኢትዮጵያ ፈራሚዎች አንዱ አክሊሉ ነበሩ።

ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው በኤርትራ ጉዳይ ነው። አራቱ ኃያላን መንግሥታት መስማማት ስላቃታቸው ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። አክሊሉ ከአሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ጋር ሆነው ለዓመታት ድምፅ ሲያሰባስቡ ቆዩ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጉባኤው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ፤ ውሳኔው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ሙሉ ውህደት ይፈልግ ለነበረው የኢትዮጵያ መንግሥት ይህ ግማሽ ድል ነበር። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ የትጥቅ ትግሉ ተጀምሮ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትርነት

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወንድማቸው መኮንንና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ አበበ አረጋይ ተገደሉ። አክሊሉ በተከታዩ ሚያዝያ በራስ አበበ ቦታ ተሾሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በ1958 ዓ.ም. የወጣ ትእዛዝ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ፈቀደ። ይህ በወረቀት ትልቅ ለውጥ ነበር። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ስለነበር፣ ካቢኔው ተጠያቂ እንጂ ባለሥልጣን አልነበረም ማለት ይቻላል።

የወሎ ረሃብ

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናብ ተስተጓጎለ። ራያ ቆላው በደህና ዘመን ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ የሚያመርት አገር ነው፤ ዝናብ ከቀረ ግን ጎርፉም ይቀራል። ከወልዲያ ወደ አላማጣ የሚሄደው አውራ ጎዳና በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ በኩል ያልፋል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የተራቡ ሰዎች ወደ አውራ ጎዳናው ወጥተው መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች አሳዩ፤ መንግሥት ግን ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው ሞከረ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ ተከበረ። ዓለም ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የሟቾች ቁጥር ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

በኋላ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው በአገር ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። ማሳው የከዳው ገበሬና ከብቱ ያለቀበት የአፋር አርብቶ አደር የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ይህ ጥፋቱን ከሰማይ አንሥቶ ወደ አስተዳደሩ ያቀርበዋል።

ውድቀትና ሞት

በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ መጨመር፣ የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ እንዲሁም የወታደሮች አመፅ ተደራረቡ። አክሊሉና ካቢኔያቸው በየካቲት 20 ቀን ሥልጣን ለቀቁ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። እሳቸውም የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ልጅ ነበሩ። አክሊሉ በሚያዝያ ታሰሩ። የረሃቡን ጉዳይም እንዲመረምር ለተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በእስር ቤት ሆነው ስለ ሥራ ዘመናቸው ጻፉ፤ ጽሑፉ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የአክሊሉ ማስታወሻ በሚል ርዕስ ታተመ።

ምርመራው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከተገደሉት መካከል አክሊሉ፣ ወንድማቸው አካለወርቅና ተተኪያቸው እንዳልካቸው ይገኙበታል። አፅማቸው ከደርግ ውድቀት በኋላ ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።