አርተር ዋርተን፦ ከአክራ ተነሥቶ በእንግሊዝ ታችኛ ሊጎች ግብ የጠበቀው ሯጭ

አርተር ዋርተን በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 1930 ሲሞት የ65 ዓመት ሰው ነበር። የተቀበረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሽር ውስጥ በምትገኘው ኤድሊንግተን የተባለች የከሰል ማዕድን መንደር ነው። ያረፈበት የድሆች መቃብር ስለነበር ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመለትም። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ያሳለፈው በማዕድን ጉድጓድ ከሰል በማጓጓዝ ነበር። ይህ ሰው ግን በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ተብሎ የሚታወቀው ነው።

የተወለደው በ1865፣ ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው የዛሬዋ ጋና፣ በአክራ ጄምስታውን ሠፈር ነው። አባቱ ሄንሪ ዋርተን ከካሪቢያኗ ግሬናዳ የመጡ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ እናቱ አኒ ፍሎረንስ ደግሞ ከፋንቴ ሕዝብ የንጉሣውያን ዘር የሚወለዱ ነበሩ። ልጁ ወደ እንግሊዝ የተላከው ተምሮ የአባቱን ፈለግ እንዲከተልና ሰባኪ እንዲሆን ነበር። ዳርሊንግተን ከተማ ወደሚገኘው ክሊቭላንድ ኮሌጅ የገባው በ1884 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን የሚቀራመቱበትን ደንብ ለማውጣት በርሊን ላይ ተሰብስበዋል። ብሪታኒያ በዛሬዋ ሶማሊላንድ ጠረፍ ከሚኖሩ ጎሳዎች ጋር የጥበቃ ውል መፈራረም የጀመረችውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ወጣቱ ግን ከስብከት ይልቅ ልቡ ለሜዳ አደላ። ክሪኬት ይጫወታል፣ ብስክሌት ይጋልባል፣ ከሁሉም በላይ ግን ይሮጣል። በሐምሌ 1886 ለንደን ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ በተካሄደው የአማተር አትሌቲክስ ሻምፒዮና 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ፣ በ10 ሰከንድ ጨረሰ። በማጣሪያው የሮጠውን ሰዓት በፍጻሜውም ደገመው። በቀጣዩ ዓመትም ክብሩን አስጠበቀ። እዚህ ሐርጌሳ ከአያሃ እስከ መሐል ከተማ የቼልሲን ማሊያ የለበሰ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ክለቡ በ1905 ከመመሥረቱ ከ19 ዓመታት በፊት፣ በዚያ ስታዲየም አንድ የአክራ ልጅ አገር ምድሩን ጉድ ማሰኘቱን ግን ስንቱ ያውቃል?

በእግር ኳስ ዋርተን የመረጠው ግብ ጠባቂነትን ነው። ለእንደ እርሱ ዓይነት ፈጣን ሯጭ ምርጫው እንግዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ግብ ጠባቂ ሥራ ከዛሬው የተለየ ነበር። ኳስን በእጁ መንካት የሚችለው በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ብቻ ሳይሆን በራሱ ቡድን የሜዳ አጋማሽ ሁሉ ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1912 ነው። አጥቂዎችም ኳስ ያልያዘ በረኛን ሳይቀር በትከሻ ገጭተው መጣል ይችሉ ነበር። ከግቡ ጥግ አጎንብሶ እየጠበቀ በመጨረሻዋ ቅጽበት ተወርውሮ መውጣት፣ ኳስን በቡጢ አርቆ መምታት የዋርተን መለያዎች ነበሩ። ከሞተ በኋላ በ1940ዎቹ በሼፊልድ ጋዜጣ የወጣ የአንድ ተመልካች ትዝታ ደግሞ፣ በአንድ ጨዋታ አግዳሚው ላይ ተንጠልጥሎ ኳሷን በእግሮቹ መካከል እንደያዛትና ሲንደረደሩ የመጡት ሦስት አጥቂዎች መረቡ ውስጥ እንደወደቁ ያወሳል። ትዝታው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ተመልካች ሜዳ የሚሄደው ግን እንዲህ ያለውን ለማየት ነው።

ከዳርሊንግተን የወሰደው በዘመኑ ኃያል የነበረው ፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ ነው። ከቡድኑ ጋር በ1887 ለኤፍኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዌስት ብሮሚች አልቢየን ተሸነፉ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሊመረጥ ይገባል የሚል ወሬም ተነሥቶ ነበር። አንዳንድ ጋዜጦች በቆዳው ቀለም እየተሳለቁ ሐሳቡን አጣጣሉት፤ ጥሪውም ሳይመጣ ቀረ። ዋርተን በሩጫ ላይ ለማተኮር ፕሪስተንን ተሰናበተ። ውሳኔው ያስቆጫል፤ ክለቡ በ1888/89 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ሊግና የኤፍኤ ዋንጫን አንድ ላይ ወስዷልና።

በ1889 ከሮዘርሃም ታውን ጋር ተፈራረመ። የታችኛው ሊግ ሕይወቱ እዚህ ይጀምራል። ኤማ ሊስተር የምትባል የአካባቢውን ሴት አገባ፤ ከጨዋታው ጎን ለጎን መጠጥ ቤት ያስተዳድር ጀመር። ሮዘርሃም በ1893 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲገባ ዋርተን በረኛው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሼፊልድ ዩናይትድ ወሰደው። ሆኖም እዚያ ዊሊያም ፉልክ የሚባል፣ በኋላ በግዙፍ ሰውነቱ ዝናው የናኘ የ20 ዓመት ግብ ጠባቂ ነበርና፣ ዋርተን ተጠባባቂ ሆነ። ያም ሆኖ በ1895 ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተሰልፎ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ወደ ሮዘርሃም ተመለሰ፤ ከዚያም ስቴሊብሪጅ ሮቨርስ፣ አሽተን ኖርዝ ኤንድ፣ ደግሞ ስቴሊብሪጅ። አሽተን በ1899 ከስሮ ፈረሰ። የመጨረሻው ክለቡ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የነበረው ስቶክፖርት ካውንቲ ሲሆን፣ በ1902 ጓንቱን ሰቀለ። በተጫዋችነት ዘመኑ በጎልድ ኮስት የቅኝ አስተዳደር ሥራ ለማግኘት አመልክቶም ነበር። ስፖርተኛነቱ ለቅኝ አገዛዝ ሹም አይመጥንም ተብሎ ተከለከለ። እንግሊዝ ለብሔራዊ ቡድኗ አልጠራችው፣ የትውልድ አገሩ አስተዳደርም ሥራ አልሰጠው፤ መጠጥም ጎዳው። የቀረለት የከሰል ጉድጓዱ ነበር።

መቃብሩ ላይ ድንጋይ የቆመው ከሞተ ከ67 ዓመታት በኋላ፣ በ1997፣ መቀመጫውን ሼፊልድ ያደረገ የፀረ ዘረኝነት ቡድን ባደረገው ቅስቀሳ ነው። በ2003 በእንግሊዝ እግር ኳስ የዝነኞች መዝገብ ስሙ ሰፈረ። በ2014 ደግሞ ኳስ ለማዳን ሲዘልል የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ያለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በሚለማመድበት በሴንት ጆርጅስ ፓርክ ነው።