የቄሱ ልጅና የበቆሎው ተርብ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቡሬ አቅራቢያ ወዳለው ገጠር፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ነበር። በቆሎው የአሜሪካ ተምች ገብቶበት አባዬ ቅጠል ቅጠሉን እየገለጠ ትሉን በጣቱ ይጨፈልቃል። አጠገቡ ሩዝ የምታክል ነጭ ነገር ሲያገኝ ደግሞ የትሉ እንቁላል መስላው እሷንም አይምራትም። እኔ ግን ጠረጠርኩ (ጋዜጠኛ ይጠርጥር ተብለን የለ!)። ሦስቱን ለቅሜ ሃይላንድ ውስጥ ከተትኩና አፉን በጨርቅ አሰርኩት። ከቀናት በኋላ ከአንዷ የወጣችው ትንኝ የምታክል ጥቁር ተርብ ናት።

ጥገኛ ተርብ ትባላለች። እናትየዋ እንቁላሏን የትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈለው ዕጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድግና ወጥቶ ያቺን ነጭ ቤት ይሠራል፤ ትሉ ይሞታል። ለካ አባዬ ሲጨፈልቅ የከረመው ያለ ደመወዝ የሚያገለግለውን ዘበኛ ነው!

ዝርያዋን ለማወቅ ማንበብ ስጀምር ነው እንግዲህ ካርል ሊኒየስን ያገኘሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሊኒየስ በ1707 በደቡብ ስዊድን ገጠር ተወለደ። አባቱ ቄስ ናቸው፤ አትክልት ይወዳሉ። ቤተሰቡ እሱም እንዲቀስስ ቢፈልግም ልጁ ልቡ ከዕፅዋት ጋር ሆነ። አስተማሪዎቹ ተስፋ ሲቆርጡበት አንድ ሐኪም መምህር ብቻ ሕክምና ይማር ብሎ አባትየውን አሳመነለት። በ1732 ላፕላንድ የሚባለውን የሰሜን በረዷማ አገር ዞረ፤ በ1735 ሆላንድ ውስጥ ፍጥረትን የሚመድብ መጽሐፉን አሳተመ። በኋላ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ከሱ በፊት የአንድ ተክል ስም ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱ ግን ሁለት ቃል ይበቃል አለ፤ ልክ እንደ እኛ ስምና የአባት ስም። በቆሎን በ1753 ዚያ ሜይስ ያላት እሱ ነው። በ1758 ደግሞ ንብን፣ ጉንዳንንና ተርብን በክንፋቸው ዓይነት አንድ ምድብ ውስጥ አስገባቸው። የኛ ኑግም ብትሆን በሊኒየስ ቤት አልፋለች፤ ሳይንሳዊ ስም መጀመሪያ የሰጣት ልጁ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። ሊኒየስ እያንዳንዱ ነፍሳት የሚያጠፋው ጠላት ስላለው ያንን ጠላት ለሰብል ጥበቃ እንጠቀምበት ብሎ በ1752 ጽፏል። በ1763ም የፍራፍሬ ዛፎችን ከትል ስለማዳን በጻፈው ጽሑፍ ተሸልሟል። ሰውየው ግን እንከን የለሽ አልነበረም። ጉራው ብዙ ነው፤ የሰውን ልጅ በአህጉር ከፋፍሎ ስለ አፍሪካውያን የጻፈው ደግሞ ስድብ ነው። ይሄን ዘልዬ ባልፍ ደስ አይለኝም።

በ1778 ሞተ። ልጁም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ከዚያ የሰበሰባቸውን ተክሎችና ነፍሳት፣ መጻሕፍቱንም ጭምር፣ በ1784 የገዛው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ የሚባል የ24 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። ታዲያ ይሄው ስሚዝ በ1797 ለአንድ የአሜሪካ የእሳት ራት ስም አወጣ፤ ፍሩጂፐርዳ። አባዬ በጣቱ የሚጨፈልቀው ትል የሷ ልጅ ነው!

ይህ ትል ኢትዮጵያ የገባው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ኬንያ የተገኘች አንዲት ጥገኛ ተርብ ኮቴዢያ ኢሲፔ ብለው ሰየሙ። አገራችን ውስጥ በተደረገ አሰሳም በትሉ ላይ በብዛት የተገኘችው እሷው ነበረች። የኔዋ እሷ ትሁን አትሁን ለመለየት የክንፏ ሥር በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ለጊዜው ዳግም አረቄ ባለበት ብልቃጥ አስቀምጫታለሁ። መድኃኒት ቢረጭ እሷም አብራ እንደምትሞት ለአባዬ ነግሬዋለሁ። ነጯን ነገር መጨፍለቁን ትቷል፤ ስልክ በደወለ ቁጥር ግን ስሟ ታወቀ ወይ እያለ ይጠይቀኛል።