የጄኔራል ግራንት የራስ ፍልጠት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ድላቸውና ሹመታቸው እንጂ ሕመማቸው እምብዛም አይወሳም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የጦር አዛዥ ግን ከታላቁ ድሉ ጋር ሕመሙም አብሮ ይነገርለታል። ሕመሙም ተማሪውም ጸሓፊውም የሚያውቀው የራስ ፍልጠት፥ ሐኪሞች ማይግሬን የሚሉት ነው።

ዩሊሲዝ ግራንት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 27 ቀን 1822 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ከቆዳ ፋቂ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1843 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተመርቆ በሜክሲኮ ጦርነት ዘመተ። በ1854 ሠራዊቱን ተሰናብቶ እርሻም ሌላ ሥራም ሞከረ፤ አልቀናውም። በ1860 በአባቱ የቆዳ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1861 የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ግን ተመልሶ ዘመተ፤ በ1863 ቪክስበርግን ያዘ፤ በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን የሰሜኑ ሠራዊት ሁሉ አዛዥ አደረገው።

በኤፕሪል 1865 መጀመሪያ የደቡቡ አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊ የሪችመንድን ከተማ ለቆ ወደ ምዕራብ ሸሸ። ግራንትም በቪርጂኒያ መንገድ አንድ ሳምንት ያህል ተከታተለው። እንቅልፉ ጥቂት፥ ምግቡ ሰዓት ያልጠበቀ፥ ሐሳቡ ግን ብዙ ነበረ፤ ሊ ቢያመልጥ ጦርነቱ ይራዘማልና። ኤፕሪል 8 ቀን ማታ ራሱን ክፉኛ ስላመመው በመንገድ ዳር ከአንድ ገበሬ ቤት ዐረፈ። እግሩን በሙቅ ውሃና በሰናፍጭ እየዘፈዘፈ፥ በእጁ አንጓና በማጅራቱም ሰናፍጭ እየለጠፈ ሌሊቱን አሳለፈ። ሕመሙ ግን አልተወውም፤ ከንጋት በፊት መኰንኖቹ ሲያገኙት ራሱን በሁለት እጁ ይዞ በግቢው ውስጥ ይንጐራደድ ነበር።

ማታውን ከሊ የመጣው ደብዳቤ እጅ መስጠትን የሚቀበል አልነበረም። ዕለቱ የሆሳዕና እሑድ ነበረ። ግራንት ቡና ጠጥቶ፥ መልሱን ጽፎ በፈረስ ሲጓዝ መልእክተኛ ደረሰበት፤ ሊ እጁን ለመስጠት ሊገናኘው መፈለጉን የሚገልጽ ደብዳቤ አቀረበለት። ግራንት ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፥ ደብዳቤውን ባነበበበት ቅጽበት ሕመሙ ለቀቀው።

ከዚያም በአፖማቶክስ መንደር ከሊ ጋር ተገናኘ። ጓዙ ወደ ኋላ ስለ ቀረ እንደ ተራ ወታደር ለብሶ፥ ጭቃ የነካውን ጫማ ሳይለውጥ ነበር። ሌሊቱን ያልተኛው ሰው የስምምነቱን ቃል በገዛ እጁ ጻፈ። ለተሸነፉት ወታደሮች ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ፈቀደ፤ የእርሻ ወራት ስለ ነበረ የግል ፈረስና በቅሎ ያላቸው ይዘው እንዲሄዱ፥ ለተራቡትም ስንቅ እንዲሰጥ አዘዘ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከዚያ ሌሊት በኋላ መገኘቱ ያስደንቃል።

የዛሬ ሐኪሞች ግራንትን ሊመረምሩት ባይችሉም፥ የሕመሙን ሁኔታ ከጽሑፉ አይተው ብዙዎቹ ማይግሬን ነው ይላሉ። ማይግሬን ተራ ራስ ምታት አይደለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን እንደ ልብ ትርታ ይመታል፤ ያቅለሸልሻል፥ ያስታውካል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፤ መድኃኒት ካልተወሰደ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቈያል። ለአንዳንዶች አስቀድሞ በዓይናቸው ፊት ብልጭልጭታ ይታያቸዋል። በዘር የሚወረድ የአንጎልና የነርቭ ሕመም ስለ ሆነ፥ በሽተኛውን ሰነፍ ወይም አስመሳይ ማለት ግፍ ነው።

የሚቀሰቅሰው ነገር ሌላ፥ ሥሩ ሌላ መሆኑን ግን እንለይ። ዝንባሌው ከሰውነት ጋር የተፈጠረ ነው፤ ቀስቃሾቹ እንቅልፍ ማጣት ወይም ማብዛት፥ ሳይበሉ መዋል፥ ውሃ ማነስ፥ ጭንቀት፥ መጠጥ፥ ኀይለኛ ብርሃን፥ ቡና የለመደ ሰው ድንገት መተዉ፥ በሴቶችም የወር አበባ ናቸው። ሁሉም ሰው ላይ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ብቻውን ሳይሆን ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ይቀሰቅሳሉ። በግራንት ላይ ድካሙ፥ ረኃቡና ሐሳቡ በአንድ ሳምንት ተደራርበው ነበር።

ደብዳቤው ፈወሰው ሲባል ግን ሕመሙ ምናብ ነበር ማለት አይደለም። ደስታ የሕመምን ስሜት ሊያቀል ይችላል፤ የማይግሬን ግርሻም ጊዜውን ጨርሶ ይሄዳል። ደግሞም ጭንቀቱ ካለፈ በኋላ፥ የሳምንቱ ሥራ ባለቀበት ቀን የሚያማቸው አሉ።

ስለዚህ ለፈተና ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ፥ ቁርሱንም ምሳውንም ትቶ ፋይል የሚያገላብጥ ወጣት ሹም፥ ራሱን በሚያመው ቀን የተኛበትን፥ የበላበትንና የጠጣበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግብ፤ ቀስቃሹን ከወር ሁለት ወር በኋላ ራሱ ያገኘዋል። የሕመም ማስታገሻ በወር ከ10 ቀን በላይ መዋጥ ራስ ምታቱን ሊያባብስ ስለሚችል ሐኪም ይጠይቅ። በድንገት የመጣ እጅግ ብርቱ ራስ ምታት፥ ወይም ትኩሳት፥ የአንገት መገተርና የእጅ እግር መስነፍ ያለበት ከሆነ ግን ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ግራንት ከ1869 እስከ 1877 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1884 ገንዘቡን በኪሳራ አጣ፤ የጕሮሮ ነቀርሳም ያዘው። ለቤተ ሰቡ መተዳደሪያ እንዲሆን የሕይወት ታሪኩን እየታመመ ጻፈና ጽሑፉን በጨረሰ በጥቂት ቀን ጁላይ 23 ቀን 1885 ሞተ። ስለዚያች ሌሊት የምናውቀውም፥ አሸናፊው አዛዥ በሰናፍጭና በሙቅ ውሃ ሲታገል ማደሩን ሳያፍር ስለ ጻፈልን ነው። ሕመምን መናገር ውርደት አለመሆኑን ከእርሱ እንማራለን።